እሺ ያልኩትን ልወቅ

ጥቅምት 9

ለእህቴ ልጅ፣ ለድንቢጤ፤

ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ክር በመርፌ ቀዳዳ ያለ መነጽር አሳልፋለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ፤ መሃል ላይ ቆም የምለው ሰላም የምለው ሰው ባገኝ ብዬ እንጂ ደክሞኝ አይደለም። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ቢበጠስ ራሴ እተክላለሁ። የስፌት መኪና የቱ ጋ እንዳመመው በር ላይ ቆሜ ድምፁን ሰምቼ አውቃለሁ። አሁን ደግሞ ይኸው፣ ደብዳቤ በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ፊደሉ ተንጋዶ ብታገኚው እጄ ተንቀጥቅጦ አይደለም፣ ጠረጴዛው ነው የሚወዛወዘው።

እንዴት ነሽ? ሥራሽ፣ ጤናሽ፣ ያቺ በየክረምቱ የምትነሳብሽ ሳል? ከአክስትሽ ቀብር ወዲህ አንድ ቃል ሳልልክልሽ መክረሜ አሳፍሮኛል። ረስቼሽ አይደለም። መጻፍ ስለማልችል ነበር፤ ይህን ደግሞ ከሰው ሁሉ አንቺ ታውቂያለሽ። እኛ ቤት ሆነሽ ስትማሪ፣ ጋዜጣ ገልብጬ ይዤ «ዓለም ተበላሽታለች» ስል አይተሽኝ ዝም አልሽ። ያን ዝምታሽን አልረሳሁትም። አሁን ደብዳቤውን ለሌላ ሰው ሳይሆን ለአንቺ የጻፍኩትም ለእሱ ብዬ ነው።

ከደብዳቤው ጋር ወደ እናንተ ከተማ በሚመጣው አውቶቡስ ሾፌር እጅ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይደርስሻል። ከአክስትሽ ኮምፒውተር ሆድ ያወጣሁት ሃርድ ዲስክ ነው። ኮምፒውተሩ ከእሷ ወዲህ ተዘግቶ ከርሞ፣ በቀደም ስከፍተው አልነሳ አለ። ያንቺ ሥራ ከሞተ ኮምፒውተር ጽሑፍ ማውጣት ነው ሲሉ ሰምቻለሁና አውጪልኝ።

ነገሩን አንዴ ልንገርሽና እንገላገል። አክስትሽ ጉሮሮዋን ቀዶ ሕክምና ካደረገች በኋላ ድምፅ አልነበራትም። የምትለውን ኮምፒውተሩ ላይ ትጽፋለች፣ እኔ በአፌ እመልሳለሁ፤ እንዲህ ነበር የምናወራው። ዕድሜዋን ሙሉ ታይፒስት የነበረች ሴት ናት፣ ጣቷ ዝናብ ነው። እኔ በማውቃቸው ጥቂት ፊደላት የመጀመሪያዋን ቃል ስለቅም እሷ ገጹን ሞልታ ፊቴን ታያለች። ምን ላድርግ? ራሴን እነቀንቃለሁ። «እሺ» እላለሁ። ውሃ ከሆነ የፈለገችው ዓይኗ ይነግረኛል። ሌላ ከሆነ ግን ምን እሺ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ልጄን ታውቂዋለሽ፣ መምህሩን። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ አያናግረኝም። ቁስሏን ልታጥብ ቤት ትመጣ የነበረችው ነርስ «እናትህ ስለ አንተ ጻፈችለት፣ አባትህም እሺ አለ፣ ዓይኔ ነው ያየው» ብላዋለች። ምን እንደተጻፈ እሷም አላነበበችም። እሱ ግን እናቱ «ልጄን ጥራልኝ» እንዳለችና እኔ እሺ ብዬ እንዳልጠራሁት አድርጎ ያዘው። «ነግራህ ነበር፣ እሺ ብለሃታል» አለኝ፤ ዞሮ ሄደ። የሞተች ዕለት ነበር የደረሰው፤ እኔ ትድናለች ብዬ አልጠራሁትም ነበር።

እኔ እሺ ብዬ የቀረሁበት ነገር የለም። ደንበኛ ሐሙስ ይድረስልኝ ካለኝ የስፌት መኪናው ተጠግኖ ሐሙስ ይደርሳል። ስለዚህ ምን እሺ እንዳልኩ ማወቅ አለብኝ። ጥራው ብላኝ ከሆነም ልወቅ፣ ሌላ ብላኝ ከሆነም ልወቅ።

ሁለት ነገር አደራ እልሻለሁ። አንደኛ፣ አውጪው እንጂ አታንብቢው፤ አሁን ራሴ አነባለሁ። ሁለተኛ፣ መምህሩ እንዳይሰማ። አንድ ከተማ ስለሆናችሁ መንገድ ላይ ትገናኛላችሁ፣ ምላስሽን ያዥልኝ።

ሳልረሳው፤ ኮምፒውተሩ ሊነሳ ሲል ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። ደርቆ ነው ብዬ ፈታሁት፣ ውስጡን በለስላሳ ጨርቅ ወለወልኩት፣ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግሁበት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ግማሹን ሥራ ሠርቼልሻለሁ ማለት ነው።

አጎትሽ


ጥቅምት 26

ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ደብዳቤዎን ደንበኛ ፊቴ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው ያነበብኩት። የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ መሆኑ ሲገባኝ ሰውየውን «አንዴ ይቅርታ» ብዬ ጓዳ ገባሁ። ሌላ አልልም፤ ብዙ ማለት እንደማይወዱ አውቃለሁ። መልሱ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው፤ የሱቃችን የብረት መዝጊያ እንኳ በየጠዋቱ እየተነከሰ እሱን ስንታገል ረፋዱ ይሄዳል።

ጋሼ፣ ዘይት?

እስቲ በእርስዎ ሙያ ልንገርዎት። እዚያ ውስጥ መስታወት የመሰለ ክብ ሳህን አለ፤ የአክስቴ ጽሑፍ ያለው እሱ ላይ ነው። በላዩ ላይ ሳትነካው የምታንዣብብ መርፌ የመሰለች ነገር አለች፤ የምታነበው እሷ ናት። በእሷና በሳህኑ መሃል ያለው ክፍተት ፀጉር አያሳልፍም። አንዲት የአቧራ ብናኝ ከገባች ትሰበራለች። ቀጭ ቀጭ የሚለው መርፌዋ ታማ ነበር። አሁን ድምፁ የጠፋው ስለዳነ አይደለም፣ መዞር ስላቆመ ነው።

አለቃዬ ሲያየው ሳቀ። ከዚያ ጠርዙ ላይ ያለውን ዘይት በመብራት አይቶ መሳቁን ተወና «ጣይው፣ ጊዜሽን አትጨርሺበት» አለኝ። አልጣልኩትም። በሣጥን አድርጌ ስምዎን ጽፌበታለሁ።

ተስፋ ያለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ስሙም፣ የላይ ቁጥሩም፣ የተሠራበት ጊዜም ልክ እንደዚህኛው የሆነ ሌላ ሃርድ ዲስክ ካገኘን፣ መርፌዋን ከእሱ ነቅዬ እዚህኛው ላይ እተክላለሁ። ዕቃው አሮጌ ነው፣ ገበያ ላይ ፈልጌ አጣሁት።

መምህሩን ባለፈው ሰሞን ፋርማሲ በር ላይ አገኘሁት። አልነገርኩትም። ስለ እርስዎ አልጠየቀኝም፤ ግን «ጋሼ» ስል ሰዓቱን አየ፣ አልሄደም። ቆመ።

አንድ ነገር ልድፈር። ለምን ደውለው «ልጄ፣ ማንበብ አልችልም ነበር» አይሉትም? ሁለት ቃል ናት።

የእርስዎው ድንቢጥ


ኅዳር 7

ለድንቢጤ፤

ደርሶኛል። ስለ ሳልሽ የጠየቅሁሽን ዘለልሽው፤ አልዳነችም ማለት ነው። አንገትሽን ሸፍኚ።

ስለ ዘይቱ የጻፍሽውን ሦስቴ አነበብኩት። መጀመሪያ አላነበበውም እንዳትዪኝ ብዬ ነው፣ ከዚያ ተናድጄ ነው፣ በሦስተኛው ገባኝ። እኔ ዕድሜዬን የሚጮህ ብረት ዘይት ይፈልጋል ብዬ ኖሬያለሁ፣ ተሳስቼም አላውቅም። ይኼኛው ብረት የተለየ ከሆነ የተለየ ነው። አለቃሽ ሳቀ ያልሽውን ግን ልትተዪልኝ ትችይ ነበር።

«ሁለት ቃል ናት» አልሽ። አክስትሽን ላገባ ስል «ማንበብ ትችላለህ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «ቀስ ብዬ» አልኳት። ያቺን «ቀስ ብዬ» ይዤ ከእሷ ጋር አረጀሁ። ልጁ ደግሞ ማታ ማታ ደብተሩን ያመጣልኛል፣ እኔ ቀይ ቀለም መኖሩን አያለሁ፤ ከሌለ «ጎበዝ»፣ ካለ «በርታ»። እሱ ዛሬ ክፍል ቆሞ የሰው ልጅ ያስተምራል። እና ደውዬ በሁለት ቃል?

ደግሞስ ብነግረው በዚያ ያበቃል? «ማንበብ አልቻልኩም» ስለው «ታዲያ ምን ብላህ ኖሯል?» ይለኛል። እኔም እሱን ነው የምፈልገው። ባዶ እጄን አልደውልም።

እንዴት ተማሩ ብለሽ በሾፌሩ በኩል ለጠየቅሽኝ፤ እታች መንገድ ያለው ትምህርት ቤት ለጎልማሶች ክፍል ከፍቷል። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ስላለ በጎን ነው የምቀመጠው። አስተማሪዋ ከአንቺ ታንሳለች፣ «አባባ፣ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ» ትለኛለች። አጠገቤ የሚቀመጠው ዘበኛ ከእኔ ይኮርጃል። ከእኔም የሚኮርጅ ሰው ተገኘ።

አሁን ወደ ሥራችን። ኮምፒውተሩ የአክስትሽ መሥሪያ ቤት ነበር። ጡረታ ስትወጣ ከጠረጴዛዋ ላይ አንስተው ለማስታወሻ ሰጧት። በአንድ ቀን በአንድ መኪና የመጡ ብዙ እንደነበሩ ታወራኝ ነበር። ስለዚህ ሄድኩ። ንብረት ክፍሉ ከምድር ቤት ነው፣ በሩ ሲከፈት እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ኃላፊው ሰውዬ ወፍራም ሹራብ ለብሶ ሻይ ይጠጣል። ከበስተጀርባው ጣሪያ ድረስ ኮምፒውተር ተከምሯል፣ የእኛኑ የመሰለ።

«አንዱን ስጠኝ» አልኩት።

«አባባ፣ የመሥሪያ ቤት ንብረት እኮ ነው።»

«ይሠራል?»

«አይሠራም።»

«ልታሠሩት ነው?»

«ከዚህ በኋላ አይሠራም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ኮሚቴ።»

ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል ብዬ ብጠይቀው እሱም አያውቅም። ኮሪደሩ ላይ አንድ ወንበር አለች፣ እሷ ላይ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ሲወጣ አየኝ። «አባባ፣ ምን ልርዳዎት?» አለኝ። «ኮሚቴ እየጠበቅሁ ነው» አልኩት። በማግስቱም ሄድኩ። ዛሬም ከዚያ ነው የተመለስኩት። ዛሬ ሻይ ላከልኝ፤ ጠጥቼ ብርጭቆውን መለስኩለት። «ጢምዎ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል» አለ። «ይበልጣል፣ ትዕግሥቱም» አልኩት።

ሃርድ ዲስኩን ሣጥኑ ውስጥ ደህና አድርጊው። እንዳትጥዪው።

አጎትሽ


ኅዳር 29

ለድንቢጤ፤

ከዚህ ጋር የመጣው ሙሉ ኮምፒውተር ነው። ራስሽ ፍቺው። እኔ አንድ ብሎን አልነካሁም፣ ዘይትም በአጠገቡ አላለፈም። ሾፌሩን ከእግሩ ሥር እንዳያስቀምጠው አስምዬዋለሁ።

ሰውየው በመጨረሻ «ማመልከቻ ይጻፉ፣ እኔ ወደ ላይ አቀርበዋለሁ» አለኝ። ቀጥሎ ዓይኑን ወደ ሻዩ መልሶ «የሚጽፍልዎት ሰው አለ?» አለ። «አለ» አልኩት፣ ወረቀት ተቀብዬ ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፤ «ለንብረት ክፍል። ሚስቴ እዚህ ቤት ጡረታ እስክትወጣ ጽፋለች። የመጨረሻ ጽሑፏን ማንበብ እፈልጋለሁ። የማይሠራ ኮምፒውተር አንድ ስጡኝ።» ሌላ የሚጨመር ነገር አጣሁ። አነበበው፣ እንደገና አነበበው፣ «የታይፒስቷ ባል ነዎት?» አለኝ። የእሱን የሥራ ቅጥር ደብዳቤ የጻፈችው እሷ ናት ለካ። ያን ዕለት ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ኮሚቴው እሱና ላይ ያለችው አለቃው ናቸው።

ኮምፒውተሩን በትከሻዬ ይዤ ደረጃውን ስወጣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ግንበኛው በሩን ከፈተ። ታስታውሺዋለሽ፣ ያን ጎረቤታችንን። በምን እንደተጣላን እሱም እኔም ረስተነዋል፣ ጠቡን ግን ይዘነዋል። ዕቃውን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። አልፌው ወጣሁ። ቤት ከገባሁ በኋላ ትከሻዬ ሲያመኝ፣ ብሰጠው ምን ነበር አልኩ። ይህን ለማንም አትንገሪ።

«መምህሩ ትክክል ቢሆንስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ጥያቄሽን በፖስታው ጠርዝ ላይ በደቃቅ ፊደል መጻፍሽ ፈርተሽ ነው። እኔም አስቤበታለሁ። ጥራው ብላኝ ራሴን ነቅንቄ ተቀምጬ ከሆነ፣ እናትና ልጅ ሳይተያዩ የቀሩት በእኔ ነው። ያኔ እሱ ዘንድ ሄጄ ትክክል ነህ እለዋለሁ። አሁን ያለሁበት ነው የሚከፋው፤ ተከሳሽም ዳኛም ሳልሆን መሃል ላይ።

ጽሑፉ ተቀምጦ ይሆን ወይ ላልሽው አትጠራጠሪ። ታይፒስት ናት አልኩሽ። የዕለቱን ጽሑፍ በዕለቱ ቀን ስም ሳታስቀምጥ ከወንበሯ አትነሳም፤ የጻፈችው «ሾርባው ጨው የለውም» ቢሆንም።

መርፌዋን ስትተክዪ ትንፋሽሽን ያዢ። ከአንዱ መኪና ነቅሎ ለሌላው መስጠት እኔም ሠርቼዋለሁ፤ እጅ ሲቸኩል ነው የሚበላሸው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 24

ለጋሼ፤

ወጣ።

መጀመሪያ ይህን ልጻፍ ብዬ ነው ሰላምታውን ያስቀረሁት፣ ይቅር ይበሉኝ። ሳህኑን በልዩ ፈሳሽ አጠብኩት፣ መርፌዋን ከላኩልኝ ኮምፒውተር ነቅዬ ተከልኩ። ሁለቴ አልነሳም አለ። በሦስተኛው ዞረ። አለቃዬ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፣ እስኪያልቅ አልተነሳም። «ሰውየውን ሰላም በይልኝ» ብሏል። ሳቁን ይቅር ይበሉት።

ሁሉም አልተረፈም። ዘይቱ የነካው የሳህኑ ጠርዝ ላይ ያሉ ገጾች ጠፍተዋል፣ እነሱን የሚመልስ ሰው የለም። የቀረው ደህና ነው። እንዳሉት እያንዳንዱ በቀኑ ስም ተቀምጧል። በትልልቅ ፊደል አትሜ በቀን ተራ ደርድሬዋለሁ፤ ፖስታው ውስጥ ነው፣ አሽጌዋለሁ።

አደራዎን ጠብቄያለሁ፣ ከአንዲት ገጽ በቀር። በትክክል መውጣቱን ለማየት አንዱን መክፈት ግድ ነበር። ስለ ጢምዎ ነው። ሳቄ አመለጠኝና ዘጋሁት። ሌላ አላየሁም።

በሾፌሩ በኩል ያነሱትን የክፍያ ነገር ደግመው እንዳያነሱብኝ። የእርስዎን ቤት እራት በልቼ ነው ያደግሁት። ቅጂው እኔ ጋ ተቀምጧል፤ ምን ላድርገው?

ከመክፈትዎ በፊት ሻይ ይጠጡ። አንብበው ሲጨርሱ አንድ መስመር እንኳ ይላኩልኝ፣ እስከዚያ አልተኛም።

የእርስዎው ድንቢጥ


ጥር 11

ለድንቢጤ፤

እንቅልፍሽን ስለነሳሁሽ ይቅርታ። ቶሎ ያልጻፍኩት ቶሎ ስለማላነብ ነው። በቀን አንድ ገጽ፣ ጠዋት ጠዋት፣ መስኮቱ ሥር።

መስኮቱ ካልኩ ከእሱ ልጀምር። «መስኮቱን ክፈተው፣ አየር ልሳብ» ይላል ያንዱ ቀን። እኔ ያን ቀን ምን እንዳደረግሁ ትዝ ይለኛል። ራሴን ነቀነቅሁና መጋረጃውን ዘጋሁት፤ ብርሃን ረብሿት መስሎኝ። አየችኝ፣ ሳቀች። ሳል መስሎኝ ጀርባዋን መታ መታ አደረግሁላት። ሌላው ቀን ላይ «የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ስትመጣ ያቺን የጽሕፈት መኪናዬን ስጣት፣ ሁልጊዜ ትመኛታለች» ይላል። ጓደኛዋ መጣች፣ ሻይ አፈላሁላት፣ ሄደች። መኪናዋ አሁንም አልጋ ሥር ናት።

ከዚያ አንቺ ያየሻት ገጽ መጣች። «ነገ ጠዋት ጢምህን ሙልጭ አድርገህ ትላጫለህ። ከዚያ ወርደህ ግንበኛውን አቅፈህ ትስመዋለህ። እሺ?» ከሥሩ ለብቻው አንድ ቃል አለ። «ነቀነቀ።»

አንቺ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ቀጥዬ የማግስቱን አነበብኩ። ከዚያን ቀን በፊት ገጹ ሙሉ ነው፣ ከላይ እስከ ታች የተሞላ። ከዚያን ቀን በኋላ አንድ ገጽ ላይ ሦስት ቃል፣ አራት ቃል ብቻ ነው። «ውሃ ስጠኝ።» «እግሬን እሸው።» «አጠገቤ ተቀመጥ።» ያኔ ፊደሉ ስክሪኑ ላይ እንቁላል እንቁላል አክሎ ነበር፤ ትዝ ይለኛል፣ ሁሉንም አንብቤያቸዋለሁ። አነበብኩ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። እጇ ደክሞ ነው ያሳጠረችው ብዬ ጣቶቿን አሽቻለሁ። እጇ አልነበረም፣ ድንቢጤ። ማንበብ አለመቻሌን አውቃለች። አውቃም ዝም ብላ እኔ እስክደርስባት ቀስ አለችልኝ።

እነሆ ሌላ ወሬ እያወራሁ የጠየቅሽኝን ዞርኩት። የልጁም ገጽ ተገኝቷል። ቀኑ ከጢሙ በፊት ነው፤ እንደማነብ እያመነች የጻፈችው ነው። ለአንቺ ብቻ ነው የምገለብጠው።

«ልጁን አትጥራው። ይህን አንገቴ ላይ ያለውን ቀዳዳ እንዲያይ አልፈልግም። ጉልበቱ ሲደማ እንኳ ዓይኑን የሚጨፍን ልጅ ነው። በስልክ ያወራሁትን ድምፄን ይዞ ይቅር። ሲሰማ ይቆጣል፣ አውቃለሁ። ቢቆጣ በአንተ ይቆጣ፣ አንተ ትችለዋለህ። እሺ?»

እሺ ብያታለሁ። ሳላውቀው ደግሞ ጠብቄዋለሁ።

ገጹን ይዤ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። ደስ አለኝ ብል አልዋሸሁም። ከዚያ እንደገና አነበብኩት።

አጎትሽ


የካቲት 2

ለድንቢጤ፤

ቁጣሽ ደርሶኛል። «ይህቺን ገጽ ዛሬውኑ መምህሩ እጅ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ነፃ ሰው ነዎት» ብለሽ ጽፈሻል። ለእኔ መቆጣትሽን ወድጄዋለሁ። ገጿን ግን አታደርሺም።

አስቢው። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴ ፈልጋኝ አባቴ ከለከለኝ ብሎ ኖረ። አሁን ይህን ወረቀት ስሰጠው ምን ይሆናል? እናትህ አትምጣ ብላለች እለዋለሁ። እሱ አስተማሪ ነው፣ አነባበቡ እንደኔ አይደለም፤ ከሁሉም ቃል «አትጥራው» የምትለዋን ነቅሎ ይዞ ይቀራል። ከእኔ ጋር ቢጣላ በሬን አንኳኩቶ ይታረቀኛል። ከእሷ ጋር ቢጣላ የማንን በር ያንኳኳል?

«አንተ ትችለዋለህ» ብላለች። እሺ ያልኩት ሳላነብ ነበር፤ አሁን አንብቤ እሺ ብያለሁ።

ስለዚህ አንቺ ጋ ካለው ቅጂ የዚያን ቀን ገጽ አጥፊው። እንደምታጠፊው አውቃለሁ፤ ብትሳደቢም ታጠፊዋለሽ። «ታዲያ ምን ብላህ ኖሯል?» ሲለኝ፣ የዚያን ቀን ገጽ ዘይት በላው እለዋለሁ። ውሸት እንዳይሆንብኝ እኔ ጋ ያለውን ወረቀት ትሪ ላይ ዘርግቼ የስፌት መኪና ዘይት አፍስሼበታለሁ። ቀለሙ ተላቀቀ፣ አሁን አንድ ቃል አይለይም። አባቴ ሃርድ ዲስክ በዘይት አጠበ ብሎ ሲስቅ ይሳቅ። ቢስቅልኝማ።

ከእንግዲህ የቀረኝን ዕዳ ልንገርሽ። ሁሉንም ራሴ እወጣዋለሁ፣ ማንም እንዳያግዘኝ።

የጽሕፈት መኪናዋን ለጓደኛዋ አደርሳለሁ። ሪባኗን ቀይሬ፣ ዘይት ቀብቻት፤ እሷ ዘይት የምትፈልግ ብረት ናት። የንብረት ክፍሉን በር ማጠፊያ አስተካክላለሁ፣ ያ ሰውዬ ሻዩን ያለ ለቅሶ ይጠጣ። መስኮቱን በየጠዋቱ እከፍታለሁ፤ ይህን ጀምሬዋለሁ። ጢሜን እላጫለሁ፣ ከዚያ ሁለተኛ ፎቅ ወርጄ ግንበኛውን አቅፌ እስመዋለሁ፤ እሷ ያለችው በዚህ ተራ ነውና ተራውን አላዛባም። ሰውየው ቢደነግጥ የእሱ ጉዳይ ነው።

ቀጥዬ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ያንቺ ሱቅ የብረት መዝጊያ ለምን እንደሚነከስ በር ላይ ቆሜ እሰማውና እሠራዋለሁ፤ ክፍያ አልቀበልም ብለሽ እጄን እንቢ ልትይ አትችይም። አለቃሽም ወንበሩን ስቦ ይመልከት።

የመጨረሻው የመምህሩ ነው። የልጅነት ደብተሮቹን አክስትሽ ቁም ሣጥኑ ላይ በገመድ አስራ አስቀምጣቸዋለች፤ አቧራቸውን አራግፌ ቦርሳ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ቤቱ ሄጄ አንኳኳለሁ። ካልከፈተ ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ መቀመጥ አውቅበታለሁ። ሲከፍት ማንበብ አልችልም ነበር እለዋለሁ፣ በራሴ አፍ። ከዚያ ከአንደኛ ክፍሉ ጀምሬ፣ ያኔ ሳላነብ «ጎበዝ» ያልኳቸውን ደብተሮች አንድ በአንድ፣ እሱ ፊት ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ቀስ ብዬ።

አጎትሽ